ጉንቮርና አራተኛው ጉድጓድ

ጉንቮር ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታ ጡረታ የወጣች ኖርዌያዊት ናት። በዚያ ሁሉ በረዶ አንድም ልጅ በእሷ ምክንያት አርፍዶ አያውቅም። ሰው ሲያመሰግናት ግን «አውቶቡሱ ደህና ስለሆነ ነው» ብላ ታልፋለች። በምትኖርበት ሸለቆ ራሱን የሚያሞግስ ሰው ከሌባ እኩል ነው የሚታየው።

ጡረታ ስትወጣ ጎልፍ ጀመረች። ሜዳው የመንደሩ ነው። ድንች ይበቅልበት በነበረ መሬት ላይ ስድስት ጉድጓድ ቆፍረው፣ ሣሩን በደቦ እያጨዱ፣ ኳሳቸውን ከበግ በጠጥ መሃል እየለቀሙ ይጫወታሉ።

ግንቦት ላይ አንድ ጠዋት ብቻዋን ወጣች። አራተኛው ጉድጓድ ከጉብታ ማዶ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ከመምቻው አይታይም። አንዴ መታችና ሄዳ ብትፈልግ ኳሷ የለችም። ሣሩን ስታስስ ቆይታ ለጉድጓዱ ምልክት የተተከለው ባንዲራ ሥር ብታጎነብስ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብላለች። በአንድ ምት! ጎልፍ ተጫዋች ሁሉ ሲመኘው የሚኖረው ይህንኑ ነው። ጉንቮር ዙሪያዋን ቃኘች። ያለችው አንዲት በግ ብቻ ናት፤ እሷም ጀርባዋን ሰጥታለች።

ለባሏ ለአስላክ እንኳ አልነገረችም። ልትናገር አፏን በከፈተች ቁጥር «እዩኝ፣ እዩኝ» ያለች ይመስላትና መልሳ ትዘጋዋለች። ግን አንድ ሰው ጠይቆ ቢያወጣጣት እንዴት ደስ ባላት! እራት ላይ አራተኛው ጋ ሣሩ ደህና መሆኑን ጣል ታደርጋለች። አስላክ «ጥሩ ነው» ብሎ ድንቹን ይልጣል። በጋው እንዲሁ አለቀ፤ ሴትዮዋም ከሳች።

በመጸው ደቦ ዋፍል የሚሉት ጣፋጭ ቂጣ በቡናማ አይብ ተበልቶ ሲያበቃ የክለቡ ሊቀመንበር ትሪግቬ ተነሣ። አራተኛው ጉድጓድ ከባድ ነው፣ እስከ ዛሬ በአንድ ምት ያስገባበት የለም፣ ስለዚህ ደፍነን ቀለል ያለ ቦታ እንቆፍር አለ። አካፋውንም ይዟል።

ጉንቮር ሳይታወቃት ቆማ ነበር።

«እኔ አስገብቻለሁ» አለች፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ። «ግንቦት ላይ። ነፋሱ ነው መሰለኝ።»

ሰው ሁሉ ጫማ ጫማውን ያይ ጀመር። አለቀልኝ፣ ከእንግዲህ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ ብላ ስትጨነቅ ባለሱቋ ኦድላውግ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔም አምና… በስህተት ነው እንጂ።»

ቄሱም አቀርቅረው፣ በእሳቸውም ሁለት ጊዜ እንደደረሰባቸው ተናዘዙ። ለካ ጎድጓዳው መሬት ጉብታውን ያለፈ ኳስ ሁሉ እያንሸራተተ ያስገባል። ትሪግቬም አካፋውን አስቀመጠ። እሱም አስገብቶ ነበርና ያን ሁሉ ያወራው አንድ ሰው «አንተስ?» እንዲለው ኖሯል።

ጉንቮር ወደ አስላክ ዞረች። ባዶ ሳህኑን አተኩሮ እየተመለከተ ነው።

«አንተም?»

«ሁለት ዓመት ሆነው።»

«አንድ አልጋ ላይ እየተኛን! ለምን አልነገርከኝም?»

«ጉረኛ ነው ለካ ያገባሁት እንዳትዪ ብዬ ነዋ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ተናድዳ ፊት ፊት ትሄድ ነበር። ክብሯን በአንድ ከሰዓት ለመንደር ሙሉ ሰው አከፋፍላ ባዶ እጇን ቀርታለች። በኋላ ግን ሳቋ አመለጣትና ቆማ ጠበቀችው።

«በል እስቲ ንገረኝ፤ ከመጀመሪያው፣ ምንም ሳታስቀር።»

አስላክ ግራና ቀኙን አየ። ሰው አለመኖሩን አረጋገጠና መንገዱን ሙሉ ጉራውን ቸረቸረላት።