ክሩዝ ቀድሞ መያዝ ያዋጣል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ

ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ለንደን፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሠፈር ባለችው ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ አንዲት ሴት እያለቀሰች ገባች። አባቷ አዲስ አበባ ዐርፈው ያን ጠዋት መርዶ ተነግሯታል። ለዚያው ምሽት በረራ ፈለገች። አለቃዬ ጋሽ ተስፋይ ወንበር ሰጥተው፣ ውኃ አቅርበው፣ ስልኩን አነሱ። አንዱን አየር መንገድ ሲለምኑ፣ ሌላውን ሲቆጡ ቆይተው መቀመጫ አገኙላት።

ሴትዮዋ ስትወጣ ወደ እኔ ዞሩ። ጋሽ ተስፋይ አስመራ ተወልደው አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ እንደ ድሮ ሬዲዮ ዜና ነው። «ስንዱ፣ ልብ በይ» አሉኝ። «የእኛ ሰው ቀድሞ የሚይዘው የሠርግ አዳራሽ ብቻ ነው። የቀረውን ሁሉ ሲደርስበት ነው የሚቆርጠው። ለከርሞ ነሐሴ እሄዳለሁ ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር እግዜርን መዳፈር ይመስለዋል።»

የመጀመሪያው ማዕረጌ ስልክ አንሺ ነበር። ቀጥሎ ትኬት ቆራጭ ሆንኩ። ኋላ ላይ ጋሽ ተስፋይ «ከፍተኛ የጉዞ አማካሪ» የሚል ካርድ አሳተሙልኝ፤ ደመወዜ ግን ካርዱን ያነበበው አይመስለኝም። ለብዙ ዓመት የሸጥነው የአዲስ አበባ በረራ ነው፤ ለመርዶ፣ ለሠርግ፣ ለጥምቀት።

ከዚያ እዚህ የተወለዱት ልጆች አደጉና ክሩዝ የሚባለው ነገር መጣ። ክሩዝ ማለት ሆቴሉ ራሱ ተንሳፍፎ የሚሄድበት የመርከብ ሽርሽር ነው። አልጋውም ምግቡም አንድ ላይ ይከፈላል። ሁሉም ደንበኛ ገና ሳይቀመጥ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ስንዱ፣ ቀድሞ ቡክ ማድረግ ያረክሳል ወይስ መጠበቅ?»

የመርከብ ኩባንያዎቹ ሰዎች ቢሯችን እየመጡ «ቀድሞ የያዘ ያተርፋል» ይሉናል። ሻጭ «ዛሬ ግዛ» ቢል ምን ይገርማል? ሠፈርተኛው ደግሞ «ጠብቅ፣ መጨረሻ ላይ ይጥሉታል» ይላል። እኔ አንድ ነገር ሳላጣራ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ እናቴ «አንቺ የድስት ክዳን ሳትከፍች አታልፊም» ትለኝ ነበር። እናም የአንድ መርከብ አንድ ዓይነት ክፍል እመርጥና ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ዋጋውን ቼክ ማድረግ ልማድ አደረግሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ዋጋው እንደ ሰው ፀባይ አለው። ሽያጩ ሲከፈት ደህና ነው። ከገና በኋላ፣ ሰው ብርዱ መርሮት ፀሐይ ሲመኝ፣ «ቅናሽ» የሚል ማስታወቂያ ይለጥፉና ዋጋው ግን ባለበት ይቆማል። ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ድንገት ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ሒሳቡ ተጠቃሎ ከመከፈሉ በፊት ዋጋ ከወረደ አንዳንዱ ኩባንያ ያስተካክላል። ካልጠየቃችሁት ግን ማንም አይነግራችሁም።

ነገሩ በደንብ የገባኝ በሙሉወርቅ ቤተሰብ ነው።

ሙሉወርቅ ስቶክዌል የምትኖር የሌሊት ፈረቃ ነርስ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ፣ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። «እትዬ ስንዱ፣ አባባን ባሕር ላይ ልወስደው ነው» አለችኝ። አባቷ አባባ ወልደ ጊዮርጊስ ወጣትነታቸውን ምጽዋ በባሕር ኃይል የመርከብ ሞተር ሲጠግኑ ያሳለፉ ሰው ናቸው። እሷ ጋ ይኖራሉ። የዓይን ግፊት ይዟቸው ብርሃናቸው ከዳር ከዳር እየጠበበ ነበር። «ሐኪሙ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ማየት የሚወዱት ነገር ካለ አይዘግይ› አለኝ። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ፣ እኔና ግርማም ዕረፍት እስክናገኝ የሚመጣው ነሐሴ ነው። እስከዚያ ዓይኑን ብቻ ያቆይልኝ።»

አምስት ናቸው። ሙሉ፣ ባሏ ግርማ፣ ልጆቻቸው ሊያና ናሆም፣ አባባ። አባባ ሲመሽ ጭራሽ ስለማያዩ ብቻቸውን ሌላ ፎቅ ላይ ማስተኛት አይቻልም። ስለዚህ የሚያስፈልጋቸው ጎን ለጎን ያሉ፣ መሐላቸው በር ያላቸው፣ መስኮት ያላቸው ሁለት ክፍሎች ናቸው። ስፈልግ ገረመኝ። ያን የሚያክል ግዙፍ መርከብ፣ እንዲህ ያሉ ክፍሎች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ግርማ ባስ ሾፌር ነው። ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ቅናሽ ሲያይ ግን እንደ ሕፃን የሚሆን። ከሳውዝሃምፕተን ወደብ የሚነሡትን መርከቦች ስክሪኑ ላይ ስናይ አንዱን ሳምንት በጣቱ ነካ። «ይቺ ረከስ ትላለች።»

ቀኑን አየሁት። «ግርማ፣ ይሄ እኮ ፍልሰታ ነው።»

«አውቃለሁ። አባባ ታማሚ ናቸው፣ የንስሐ አባታቸው ይፈቱላቸዋል። እኛን ደግሞ እግዜር ያውቀናል» አለና ሳቀ። ሙሉ ከሌሊት ሥራ የመጣች ስለሆነች የቱ ነሐሴ እንደሆነ የምታይበት አቅም አልነበራትም። ቀብዱን፣ ዲፖዚት የሚሉትን፣ ከፈሉ። እኔ ነገርኩት፤ አልሰማም አለ፤ ምን ላድርግ?

ብዙም ሳይቆይ አባባ ወልደ ጊዮርጊስ ራሳቸው በሙሉወርቅ ክንድ ተደግፈው መጡ። ቀይ፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ። ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ጾሜን ያስፈታው ማነው?»

«አባባ፣ እኔ አይደለሁም፤ አማችዎ ናቸው» አልኩ። ወዲያው አሳልፌ ሰጠሁት።

«እኔ ምጽዋ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ፍልሰታን ጾሜያለሁ። ላቤ ጫማዬ ውስጥ ይገባ ነበር። አሁን በብርድ አገር ተቀምጬ እየተጦርኩ ልብላ? ፍልሰታ እኮ ሕፃን የሚጾመው ጾም ነው!»

ጋሽ ተስፋይ ከኋላ ጠረጴዛ ሆነው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ድግስ በተከፈለበት መርከብ ላይ ጾመኛ ሆኖ ሽምብራ መቁጠር! ይህንን ቅናሽ ብሎ የሚጠራው ግርማ ብቻ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የተዘረጋውን ሥጋና ቅቤ ዋጋው ውስጥ ከፍለው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፋቸውን ዘግተው ሊቀመጡ ነበር። የረከሰው ሳምንት ለእነሱ የረከሰ አልነበረም። ይህንን የትኛውም የኩባንያ ሰው አይነግረኝም።

ኩባንያው ጋ ደወልኩ። ሙዚቃቸውን አሰምተው አሰምተው አንዲት ሴት አነሳች። ገና ቀድሞ የተያዘ ስለሆነ ዲፖዚቱን ወደ ሌላ ቀን ማዛወር ይቻላል አለችኝ። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው ሳምንት በር የሚያገናኛቸው፣ መስኮት ያላቸው ክፍሎች አሉ ወይ አልኳት። አንድ ጥንድ ብቻ ቀርቷል። ዋጋውም ከፊተኛው ይበልጣል፣ በደንብ ይበልጣል።

ግርማ ይህን ሰምቶ በማግስቱ ከሙሉ ጋር መጣ። «ካንስል አድርጊው፣ እህቴ። ጋራዥ ያለ ጓደኛዬ መነሻው እስኪቃረብ ጠብቆ በግማሽ ዋጋ ገብቷል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች!»

«ጓደኛህ ከማን ጋር ሄደ?»

«ከሚስቱ።»

«ልጅ?»

«የላቸውም።»

«መቼ ሄዱ?»

«ኅዳር ላይ መሰለኝ።»

«አየህ፣ ሁለት ሰው፣ ትምህርት ቤት ባልተዘጋበት ወር» አልኩት። እሱ ግን ገና አልተረታም። ያን ጊዜ ሙሉ ቀስ ብላ፣ «ግርምሽ፣ የአባባ ዓይን አብሮህ ይጠብቃል?» አለችው። ግርማ የባንክ ካርዱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ክፍሎቹን ያዝን።

እነሱ ይህን ጨርሰው ሄዱ። እኔ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ያንኑ መርከብ፣ ያንኑ ሳምንት ጠዋት ጠዋት አያለሁ። በብርዱ ወራት ዋጋው ወጣ። እሰይ፣ ደህና አደረግን አልኩ። ፀደይ ላይ ወረደ። የወረደው ግን የእነሱ ዓይነት ክፍል አይደለም፤ የእነሱ ዓይነት ከስክሪኑ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ የመነሻው ቀን ሲቃረብ፣ ወይ ጉድ! ዋጋው ተንሸራቶ ወደቀ።

ይህንን ያየሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ግርማ የሾፌር ልብሱን እንደለበሰ፣ በምሳ ዕረፍቱ ስልኩን እያወዛወዘ ገባ። «ስንዱ፣ ተበላን! እዪው! እዪው ይሄን!»

«ተቀመጥ። አብረን እንየው» አልኩት። ተናድጄ አይደለም፤ የእውነት ማወቅ ፈልጌ ነው። ቼክ አደረግን። የረከሱት መስኮት የሌላቸው፣ የመርከቡ ሆድ ውስጥ ያሉ፣ የሁለት ሰው ክፍሎች ናቸው። የትኛው ፎቅ እንደሚሰጣችሁ የሚመርጠው ኩባንያው ነው። አምስት ሰው ሦስት ቦታ ይበተናል ማለት ነው።

«አራት አልጋ ያለው ባዶ ክፍል እንዴት ይጠፋል? መርከቡ እኮ አልሞላም» አለ ግርማ። ጥያቄው ጥሩ ነበር፣ እኔም አላውቀውም። ስለዚህ ደወልን። ሴትዮዋ ስታስረዳን እስክሪብቶ ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ። አራት አልጋ ያላቸው ክፍሎች ባዶ አሉ፤ ግን ለአራት ሰው አይሸጡም። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የሕይወት አድን ጀልባ አለው፤ ጀልባው የሚይዘው ሰው ከሞላ፣ በዚያ በኩል ያለው ትርፍ አልጋ ባዶውን ይሄዳል። ያን ሁሉ ዓመት መርከብ ስሸጥ ይህንን የነገረኝ ሰው አልነበረም! ቤተሰብ ሲጠብቅ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ጀልባውም ያመልጠዋል ማለት ነው።

ግርማ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «እሺ፣ አትደብቂኝ። ተጠቀምን ወይስ ተጎዳን?»

«በገንዘብ ከሆነ ተጎድታችኋል» አልኩት። «ጠብቃችሁ ሦስት ቦታ ብትበተኑ በብዙ ይረክስላችሁ ነበር።»

ከወንበሩ ተነሣ። «አባባ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ብቻቸውን...» ብሎ ጀመረና ተወው። «ኤዲያ! ይሁን። ሄድኩ፣ ባሱ ይጠብቀኛል።»

ሄዱ፤ በሰላምም ተመለሱ። ሙሉ አባቷን ይዛ ልታመሰግነኝ መጣች። አባባ ፊታቸው ፀሐይ መትቶት ጠቁሮ፣ አንገታቸው ቀና ብሎ ነበር።

«አባባ፣ ባሕሩን ጠገቡት?» አልኳቸው።

«ባሕሩንማ በጠረኑም በድምፁም አውቀዋለሁ፣ ልጄ። ለሱ ዓይን አያስፈልግም» አሉ። «እኔ ጠግቤ ያየሁት ልጆቹን ነው። እዚህ እነሱ ትምህርት ቤት፣ ሙሉወርቅ ሌሊቱን ሥራ ቀኑን እንቅልፍ፣ ግርማ ባሱ ላይ። አራቱን አንድ ላይ በቀን ብርሃን አይቻቸው አላውቅም ነበር። መስኮቱ ሥር እያስቀመጥኩ አንድ በአንድ አየኋቸው። ናሆም የአያቱን፣ የባለቤቴን አፍንጫ ቁርጥ ይዞት የለም እንዴ! ሊያ ግንባሯ ላይ ጠባሳ አላት። አብረን ስንኖር አላየሁትም።»

ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። ጋሽ ተስፋይ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ።

የገና በዓል ሳይደርስ የአባባ ብርሃን ጨርሶ ሄደ። ሙሉ ደውላ ነገረችኝ። አሁን ሰው ሲገባ በድምፅ እንደሚለዩ፣ ናሆምን ግን አጠገባቸው አስቀምጠው አፍንጫውን እየዳሰሱ እንደሚስቁ አጫወተችኝ።

እኔም ጡረታ ወጣሁ። ክላፋም ያለው ቤቴ ድረስ እየደወላችሁ ያንኑ ለምትጠይቁኝ፣ እንዲሁም ይህንን ሥራ ለምትጀምሩ የማውቀው ይህን ነው። ሁለት ሰው ከሆናችሁ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ካልያዛችሁ፣ የትም ብተኛ ግድ የለኝም ካላችሁ ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ልጅና ሽማግሌ ይዛችሁ አንድ ላይ ማደር ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ያዙ፤ ጾሙንም አይታችሁ ያዙ። ሊረክስላችሁም ላይረክስላችሁም ይችላል። ዋጋ ወጥቶ ይወርዳል፤ የተሸጠ ክፍል ግን አይመለስም።