የገባው አየር መውጫ ሲያጣ

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ አሶሳ ከመጣሁ ወዲህ እግሬ አላረፈም፤ ዛሬ ባምባሲ እህቴ ዘንድ፣ ነገ ሸርቆሌ ወንድ ልጄ ዘንድ ነኝ። አሁን አሁን ደግሞ የልጅ ልጄን አስከትላለሁ። ሰባት ዓመቷ ነው፣ አስም አለባት። እናቷ አሶሳ አስተማሪ ናት፤ ልጅቷን የምትሰጠኝ እየፈራች ነው። "እማዬ፣ መንገድ ላይ ትንፋሿ ቢያጥራት ሁለተኛ አልልካትም" ብላኛለች። ልጅቷ ከሌለች ደግሞ መንገዱ ለእኔ ምን መንገድ ነው?

ነገሩ የመጣው ከሸርቆሌ ስንመለስ ነው። በጋ ነበር፣ ሣሩ የሚቃጠልበት ወቅት። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከኋላ ወንበር ሥር አንድ ከረጢት በርበሬ ተጭኗል፤ መንገዱ ባዘለለን ቁጥር ከረጢቱ እፍ ይላል። ልጅቷ ሳለች። እኔም ሳልኩ። ሁሉም ሳለ። መስኮት የከፈተ ግን የለም፤ እኛ ዘንድ በሽታ የሚገባው በመስኮት ነው። ነፋስ ፊት ከመታ ምች ነው፣ ከጎን ከመታ ቁርጥማት ነው። እኔ ራሴ በእሷ በኩል ያለውን መስኮት ጎትቼ ዘጋሁት፣ አንገቷንም በነጠላዬ ጠቀለልኩት።

ጥቂት እንደሄድን ደረቷ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። የጉሮሮዋ ሥር ጎድጎድ ይላል፣ ትከሻዋ ይነሳል ይወድቃል።

"እማማ" አለችኝ። ሌላ ቃል አልወጣትም።

አጠገቤ የተቀመጠች አማርኛ እምብዛም የማይቀናት አንዲት የበርታ ሴት ወደ እኔ ዞረች። "ሐቦባ" አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። "መስኮት ክፈት። ልጁ ታፈነ።"

"ነፋስ ይመታታል!"

"ወላሂ፣ ነፋስ ነው የፈለገ!" አለችና በላዬ ተንጠራርታ ከፈተችው። ነጠላውንም ከልጅቷ አንገት ፈታችው።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጮኹ፣ "ኧረ ዝጉልን! በዚህ ዕድሜዬ ነፋስ ይግደለኝ?"

"በርበሬህ ቀድሞ ይገልሃል፣ አባት" አለች ሴትዮዋ።

ከረጢቱ የእሳቸው ነበር ለካ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም መድኃኒቷ የት እንዳለ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቷ በልጅቷ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ነበር የሰጠችን። እኔ አውጥቼ በትልቁ ጓዝ ውስጥ ከተትኩት። አጠገቧ ካለ ሁልጊዜ ትጠይቃለች፣ ይለምድባታል፣ በኋላ ያለሱ መተንፈስ ያቅታታል ብዬ ነው። ጓዙ ደግሞ ጣሪያ ላይ ተጭኗል።

"አቁምልኝ!" አልኩት ሹፌሩን።

"ምን ሆንሽ ማዘር?"

"መድኃኒቷ ጣሪያ ላይ ነው።"

በመስታወቱ አየኝ። "አስም ያለበት ጣሪያው ነው እንዴ?"

አቆመ ግን። ወጥቶ ገመዱን ፈታ፣ ሸራውን ገፈፈ። ፍራሽ አወረደ፣ ጆንያ አወረደ። የእኔ ጓዝ ከሁሉም ሥር ነው። የበርበሬው ሽማግሌ ራሳቸው ወርደው ከታች ይቀበሉት ጀመር። እኔ ልጅቷን ቀና አድርጌ አስቀምጬ፣ "አፈር ስሆን፣ አይዞሽ" ከማለት በቀር ምንም አላውቅም ነበር። ጓዙ ሲወርድ መድኃኒቱን አገኘሁት፣ ከእነ ሃይላንዱ። ሃይላንድ የምለው የውሃ ፕላስቲኩን ነው፤ የጤና ጣቢያው ነርስ ቂጡን ቀዶ መድኃኒቱን እዚያ ሰክቶላታል፣ እሷ ባፉ በኩል ትስባለች። ራሷ ያዘችው፣ ራሷ ሳበችው። ቆይታ ደገመች፣ አሁንም ደገመች። ትከሻዋ ዝቅ አለ። "እማማ፣ እጄን ለቀቅ አድርጊኝ፣ አሳመምሽኝ" ስትል ነው እኔም የተነፈስኩት።

አሶሳ እንደገባን በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሱ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ታጋሽ ሰው ነው። ደረቷን አዳምጦ ደህና ናት ሲለኝ ጥያቄዬን ጀመርኩ።

"አየሩን ማን ወሰደባት?"

"ማንም አልወሰደባትም፣ እማማ። እንዲያውም ሞልቶባታል።"

ወረቀት ላይ የተገለበጠ ዛፍ ሣለልኝ። ግንዱ ጉሮሮ ነው፣ ቅርንጫፎቹ ሳንባ ውስጥ ይበተናሉ፣ ጫፋቸው ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ ከረጢቶች አሉ። ደም መልካሙን አየር ከእነሱ ይረከባል፣ ያደፈውን ይሰጣቸዋል። ስንስብ ደረት ይሰፋል፣ ቅርንጫፎቹም አብረው ይከፈታሉ። ስናስወጣ ይጠባሉ። የእሷ ደግሞ አብጠው ቀድሞውኑ ጠበዋል፤ ስለዚህ ከመግባቱ ይልቅ መውጣቱ ነው የሚከብደው።

"የገበያ ቀን ሚኒባስ በለኛ! ያለው ሳይወርድ ሌላ ይጭናል።"

"ልክ እንደዚያ!" ብሎ ሳቀ።

"ይለምድባታል ብዬ እኮ ነው የደበቅሁት።"

"ውሃስ ይለምድባታል ብለው ይደብቃሉ?"

አፈርኩ። ቢሆንም መጠየቄን አልተውኩም። "አየሩን ማን ነው የሚስበው?" አልኩት። ከሳንባ ሥር ደረትን ከሆድ የሚለይ ጡንቻ አለ አለኝ፤ ወደ ታች ሲወርድ ደረት ይሰፋል፣ አየሩም ይገባል። ወናፍ ነው ለካ! ቀጥቃጭ ወናፉን ወደ ላይ ሲያነሳ ነፋሱን ማን ጠራው? ቦታ ሲያገኝ ራሱ ይገባል እንጂ።

"ስተኛስ ማን ያንቀሳቅሰዋል?"

"አንጎልዎ።"

"ሳላዘው?"

"ሳያዙት።"

ይህን ያህል ዘመን ስተነፍስ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ወደ ቤት ስንሄድ ትንፋሼን ልጠብቀው ሞከርኩ። ባየሁት ቁጥር ይበላሻል፤ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ይቆማል። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና፣ "እማማ፣ አንቺንም ያዘሽ እንዴ?" አለችኝ።

ቤት ስንገባ ልጅቷ አፏን ሳትከፍት እኔ ተናገርኩ። ጣሪያውን፣ የዘጋሁትን መስኮት፣ አንዱንም አላስቀረሁም። ልጄ የያዘችውን ደብተር አስቀመጠች።

"መድኃኒቱን አትለዩት ብዬሽ አልነበረም?"

"ብለሽኛል።"

"ስንት ጊዜ?"

"ብዙ ጊዜ።"

አለቀልኝ፣ ከእንግዲህ ብቻዬን ነው የምዞረው አልኩ በልቤ። እሷ ግን ሃይላንዱን አንስታ ፊቴ አስቀመጠችው። "አሳዪኝ። መድኃኒቱን ሳትጫኚ።"

በአፌ ያዝኩት። በመሳብ ፈንታ እፍ አልኩበት። ልጅቷ መሬት ላይ ወድቃ ሳቀች። "እሳት አይደለም እኮ! መጀመሪያ ያለሽን አስወጪ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ ከዚያ እስከ አሥር ያዢው።"

እናቷ አልሳቀችም። "ሦስት ቀን ሳትሳሳቺ ካሳየሽኝ ባምባሲ ትሄዳላችሁ" አለች።

ትምህርት ቤት ሳልገባ አርጅቼ በገዛ ልጄ ፊት ተፈታኝ ሆንኩ። ሁለቱን ቀን አለፍኩ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ገና በማለዳ ጫማዋን አጥልቃ ትቆጥርልኝ ነበር፤ ስምንት ላይ ስንደርስ ፊቷን ባየው ሳቄ አመለጠኝ። ልጄ ሦስቱን ቀን እንደገና ከአንድ አስጀመረችኝ።