የጋሽ ሶኬት እርሳስ

ሰፈር ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ናቸው። ለሌላው ሰው ሁሉ ጋሽ ሶኬት ነው። አናፂ ነው፤ መደርደሪያ ይሰራል፣ መስኮት ይገጥማል፣ ያበጠ በር ያስተካክላል። ሶኬት ያስባለው ግን የገዛ አፉ ነው። መጋዙ አጠገብ ሰው ካየ እንደምን አደርክ እንኳን ሳይል «ሶኬቱ ተነቅሏል?» ይላል። ከዛ በኋላ ነው ሰላምታ።

መጋዙ እንግዲህ ሰርኩላር የሚሉት ነው። ሞተር አለው፣ ክብ ጥርሳም ዲስክ ያሽከረክራል፣ በእጅ ተይዞ እንጨት ላይ እየተገፋ ይሄዳል። ወይ ሲቆርጥ ማየት! የእጅ መጋዝ ግማሽ ቀን የሚያለፋውን ስራ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል። ክፋቱ ጣውላና ጣት አይለይም።

ጋሽ ሶኬት ስራ ካቆመ አናፂ ላይ ሲገዛው የታችኛው መሸፈኛ ስፕሪንግ አልነበረውም። ይሄ መሸፈኛ ዲስኩ እንጨት ውስጥ ሲገባ ራሱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ከእንጨት ሲወጣ ደግሞ ቀጭ ብሎ ጥርሱን ይዘጋል። ሌላ ሰው ቢሆን በሽቦ ወደ ኋላ ጥርቅም አድርጎ አስሮት ስራውን ይቀጥል ነበር፤ ስንቱ ነው እንደዛ የሚያደርገው! እሱ ግን ስፕሪንግ እስኪገኝ መጋዙን አልጋ ስር አስተኝቶ በእጅ መጋዝ ሲገዘግዝ ከረመ።

«ሙሽራህ እስከ መቼ ነው አልጋ ስር የምትተኛው?» ትለዋለች ሚስቱ።

«ጥርሷ እስኪሸፈን።»

ሌላም ዘዴ አለው። ዲስክ መፍቻውን በአጭር ሲባጎ ሶኬቱ አንገት ላይ አስሮታል። ዲስክ ልቀይር ያለ ሰው ወደደም ጠላም መጀመሪያ ሶኬቱን ከግድግዳ ይነቅላል፣ አለዚያ መፍቻው ዲስኩ ጋ አይደርስለትም። አለቀ። ክርክር የለም።

አብሮት የሚሰራው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ጎበዝ ነው፣ ጉልበት አለው፣ ግን ይቸኩላል፤ ገና ሳይለካ ይቆርጣል። «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰምበሌጥ» ይባል የለ፤ ጋሽ ሶኬት ተረቱን አሳጥሮ ሰምበሌጥ አለው፣ ስሙም ሆኖ ቀረ። አንድ ጠዋት ሰምበሌጥ ሲጠጣ አድሮ፣ አይኑ ደፍርሶ መጣ። ጋሽ ሶኬት ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደና፣

«እጅህን ዘርጋ» አለው።

ሰምበሌጥ ዘረጋ። ጋሽ ሶኬት እርሳሱን በእጁ ጀርባ ላይ አጋደመው። እርሳሱ ተንከባለለና ወደቀ።

«ዛሬ ሰጋቱራ ትጠርጋለህ።»

«እንዴ ጋሼ! እርሳስ ነው እኔን የሚያዘኝ?»

«እርሳሱ ምን ያውቃል፣ የሚናገረው እጅህ ነው።»

ከዛ ወዲህ ህግ ሆነ። የጠጣም ይሁን የተጣላ፣ እንቅልፍ ያጣም ይሁን ትኩሳት ያለበት፣ እርሳሱ ከወደቀ በዛን ቀን መጋዝ አይነካም። ሰምበሌጥ ስንቴ እያጉረመረመ መጥረጊያ እንዳነሳ እሱ ይቁጠረው።

አሁን ጉዱ ምን መሰላችሁ? ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ የጋሽ ሶኬት የራሱ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ብርዱ ነው አለ። ብርዱ ሲያልፍ እንቅልፍ ማጣት ነው አለ። ቤት ሻይ ሲጠጣ ይፈስበታል። ሚስቱ ብርጭቆውን በግማሽ መቅዳት ጀመረች፤ እሱም ለምን ጎደለ ብሎ አልጠየቀም። ስራ ላይ ደግሞ ሊቆርጥ ሲል ሰምበሌጥን አንድ ነገር አምጣ ብሎ ይልከዋል። እርሳሱንማ በራሱ እጅ ላይ አንድ ቀን አላስቀመጠም። መጋዙን ካስቀመጠ ምን ይቀረዋል? ከልጅነቱ እንጨት ቤት ሰጋቱራ እየዛቀ ያደገ ሰው ነው፤ ቁረጥ እንጂ ተቀመጥ ያለው ሰው የለም።

አንድ ጠዋት የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ጠራችው። የሱቋ በር እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፣ አይዘጋም። ውስጥ የሰው ልብስ ሞልቷል፤ ሳይመሽ መቆለፍ አለበት።

«ጋሽ ሶኬት፣ በሩ እኮ እንደኔ ወፈረ!» አለችው።

«አንቺን ተዪ፣ አምሮብሻል። እሱን ግን ከታች እናሳጥረዋለን።»

በሩን ነቅለው፣ ጥሩ ገፁን ወደ መሬት ገልብጠው ሁለት ባለ እግር የእንጨት ማስደገፊያ ላይ አጋደሙት። የመጋዙ ጥርስ ከታች ወደ ላይ ስለሚበላ የሚሰነጣጠረው የላይኛው ገፅ ነው፤ ቆንጆው ወገን ታች ይሁን ማለት ነው። የሚቆረጠው ጫፍ ከማስደገፊያው ውጪ አየር ላይ ቀረ፣ ሲቆረጥ ዝም ብሎ እንዲወድቅ። ከሁለቱም ወገን ተደግፎ ቢሆን መሃሉ ይሰምጥና ዲስኩን ይነክሰዋል፤ የተነከሰ መጋዝ ደግሞ እንደ አህያ ይራገጣል። ጋሽ ሶኬት ሶኬቱን ኪሱ ከቶ ዲስኩን ከበሩ ጎን አስጠጋ፤ ጥርሱ ከእንጨቱ ስር ብቅ እስኪል ብቻ ዝቅ አድርጎ አጠበቀው። መሸፈኛውን ወደ ኋላ ስቦ ለቀቀው፤ ቀጭ! የሚቆረጥበት መስመር ላይ እንዳይሰነጣጠር ፕላስተር ለጠፈ፣ ቀጥ ያለ ጣውላ በሁለት ሞርሳ አሰረ፣ መጋዙ እሱን ተደግፎ እንዲሄድ። የቀረው መቁረጥ ነው።

«ሂድ ሚስማር ግዛ» አለው ሰምበሌጥን።

«ሚስማር? በር ልንቆርጥ አይደል እንዴ?»

«ሂድ አልኩህ!»

ሰምበሌጥ ግን አልሄደም። ጋሽ ሶኬት መነፅሩን አድርጎ መጋዙን በሩ ላይ አሳረፈ። በዚህ ጊዜ ድምፅ መጣ። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ሞተሩ አልተነሳም፣ ሶኬቱ ገና ኪሱ ውስጥ ነው። የመጋዙ የታችኛው ብረት ነው እንጨቱን የሚያንኳኳው። ልብስ ሰፊዋ እንኳን መቀሷን አስቀምጣ ቀና አለች።

ሰምበሌጥ ሊቀልድበት ይችል ነበር፤ ስንት የሚመልሰው ብድር አለው! ድምፁን ዝቅ አድርጎ ብቻ፣

«ጋሼ፣ እርሳሱስ?» አለ።

«አንተ ነህ እኔን የምትፈትነኝ?»

«ኧረ እኔ ማን ነኝና! አንተ ያወጣኸው ህግ ነው።»

ጋሽ ሶኬት በሩን አየ። አንድ ቁራጭ ነው፣ አንድ ጊዜ ገፋ ቢያደርገው ያልቃል። ዛሬን ብቻ ቢል ማን ይከለክለዋል? መጋዙን አስቀመጠ። እርሳሱን ከጆሮው አወረደና በገዛ እጁ ጀርባ ላይ አጋደመው። ተንቀጠቀጠ፣ ተንከባለለ፣ ወደቀ። የልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪና እግር ስር ገባ።

እሷ ጎንበስ ብላ አንስታ ሰጠችው።

«እጅህን ዘርጋ» አለው ሰምበሌጥን።

እርሳሱ አልወደቀም።

«መነፅር አድርግ። ገመዱን ትከሻህ ላይ ጣል፣ ከዲስኩ ራቅ ይበል። ከመጋዙ ጀርባ አትቁም፣ ወደ ጎን። ሁለት እጅ! ሞተሩ ሙሉ ድምፁን ሲያወጣ ነው እንጨት የምታስነካው፣ ሰማህ? ከነከሰህ አትታገለው፣ ማስነሻውን ልቀቅ።»

«እሺ ጋሼ።»

«አሁን ሶኬቱን እኔ እሰካለሁ።»

ሰካና እጁን እዛው ግድግዳው ላይ፣ ሶኬቱ ጫፍ አደረገ። የሚንቀጠቀጥ እጅም ሶኬት መንቀል አያቅተውም። ሰምበሌጥ አስነሳ፣ ጠበቀ፣ ገፋ። ሰጋቱራው ተበተነ፣ ቁራጩ ዱብ አለ። እንደ ልማዱ መጋዙን ላፍ ሊያደርግ ሲል፣

«ይቁም!» አለ ጋሽ ሶኬት።

ሰምበሌጥ ዲስኩ እስኪቆም ባለበት ጠበቀ። ከዛ ሶኬቱ ተነቀለ። በሩ ሲገጠም ወለሉን ሳይነካ ተዘጋ፤ ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን ሁለት ሶስቴ አዟዟረችው።

ማታ ቤት ሚስቱ እንደ ልማዷ ሻዩን በግማሽ ቀድታ አቀረበች።

«ሙሊው» አላት።

አየችው። ሰምበሌጥ ነግሯት ይሁን አይሁን አልታወቀም።

«ይፈሳላ።»

«ይፍሰስ። ከዛሬ ጀምሮ የሚቆርጠው ወንድምሽ ነው፤ እኔ እለካለሁ፣ አስራለሁ፣ ሶኬት እይዛለሁ። ሀኪም ቤትም ነገ እሄዳለሁ። አሁን ሙሊው።»

ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላችው።

«የጠረጴዛ ልብሱን ግን አጣቢው አንተ ነህ» አለችው።