በውጭ አገር ሰዎች መስመር አላልፍም

አዴሊኖ ግንበኛ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ፈረንሳይ አገር የሰው ቤት ሲገነባ ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲያልቅ ጡረታ ወጣ። እኛ በፖርቱጋሏ መንደር በፍሬይሻል የምንኖረው ግን የምናውቀው በነሐሴ ብቻ ነው። ነሐሴ ሲገባ የፈረንሳይ ታርጋ ያላቸው መኪኖች መንደሩን ይሞሉታል፤ ቡና ቤቱ በር ላይ የሚቀመጡት ደግሞ «ፈረንሳዮቹ መጡ! ዳቦው ሳያልቅ ግዙ» እያሉ ይስቃሉ። አዴሊኖ ይህችን ቀልድ አይወዳትም። «ፈረንሳይ አባትህ!» ይላል፣ አብሮ እየሳቀም ቢሆን። እዚያ ማዶ ሲሆን «ፖርቱጋላዊው» ይሉታል፣ እዚህ ሲመጣ «ፈረንሳዩ»። በሁለቱም ቦታ በስሙ የምትጠራው ሚስቱ ዴኦሊንዳ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

አንድ ነገር ግን ነበረው። በነሐሴው በዓል የእመቤታችን ሐውልት በእንጨት ቃሬዛ ሆና መንደሩን ስትዞር፣ የፊት ቀኙ መሎጊያ የአዴሊኖ ነበር። ከአባቱ የወረሰው ነው። ደንባችን ቀላል ነው፤ ሦስተኛው ደወል ሲያልቅ መሎጊያው ስር ያልተገኘ ትከሻ ቀረ። በቦታው የገባው ሰው እስኪሞት አይለቅም። ስለዚህ አዴሊኖ ታሞም፣ ከሥራ ተባሮም፣ ልጁን በዳረ ማግስትም መጥቶ ያውቃል። ስፔንን አቋርጦ ይነዳል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ትከሻውን ይሰጣል።

ያ የመጨረሻው ዓመት ሲመጣ መንገዱ ተለውጦ ጠበቀው። ከጠረፉ ወደ እኛ የሚያመጣው ሰፊው አውራ ጎዳና ነጻ ነበር፤ ያን ዓመት የሚከፈልበት ሆነ። የአገሬው መኪና መስታወቱ ላይ ትንሽ መሣሪያ ለጥፎ ሳይቆም ያልፋል። የውጭ ታርጋ ያለው በቀኝ በኩል ወጥቶ የባንክ ካርዱን ማሽን ውስጥ ይከታል፤ ካሜራው ታርጋውን ያነሳል፣ በቃ። ከመስመሩ በላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል።

አዴሊኖ ፍሬን ያዘ። «ምንድነው የሚለው?»

«ማንበብ አቃተህ? የውጭ አገር ሰዎች ይላል» አለች ዴኦሊንዳ። «ቀኙን ያዝ።»

«እኔ ነኝ የውጭ አገር ሰው?»

«መኪናው ነው እንጂ አንተን ማን ጠየቀህ! ካርዱን ክተትና እንሂድ፤ ሰዓቱን አታይም?»

«ልጅ ሆኜ ይህን ጠረፍ በሆዴ እየተሳብኩ ነው የወጣሁት። ዛሬ በገዛ ደጄ እንግዳ ነኝ ብዬ ካርድ አልከትም።»

«ማሽን እኮ ነው አንተ ሰውዬ! ማሽን ምን ያውቃል?»

ከኋላ ጥሩምባ ጮኸ። አንድ ጎረምሳ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አጎቴ፣ ወይ እለፍ ወይ ተኛ!» አለ።

«ይኸው፣ አጎቴ አለህ» አለች ዴኦሊንዳ። «ዘመድ አገኘህ፤ በል እለፍ።»

እሱ ግን መሪውን ወደ አሮጌው መንገድ አዞረ።

አሮጌው መንገድ ጠባብ ነው፤ ተራራውን እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። ድርቆሽ ከጫነ ትራክተር ኋላ ዳገቱን ሙሉ ተንፏቀቁ። ከዚያ አልፈው ደግሞ የባሰ ገጠማቸው። በዓሉ የሁሉም መንደር ነውና፣ አንዱ መንደር የራሱን እመቤት አውጥቶ፣ ሙዚቀኞቹን አስቀድሞ፣ መንገዱን ዘግቷል። አዴሊኖ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ የሌላ መንደር ወንዶች በሌላ መሎጊያ ስር ሲያልፉ አየ።

እኛ ጋ ሦስተኛው ደወል ተደወለ። ቄሱ አባ ኦርላንዶ መንገዱን እያዩ ጥቂት ካዘገዩ በኋላ «ልጆቼ፣ ፀሐዩ ይገድላችኋል» አሉ። ያን ጊዜ የአዴሊኖ ታናሽ ወንድም አቢሊዮ ባርኔጣውን አወለቀና ባዶው መሎጊያ ስር ገባ። አቢሊዮ ከመንደሩ ወጥቶ አያውቅም።

የመንደሩ ምንጭ ጋ ስንደርስ አዴሊኖ መጣ። የመኪናውን በር እንኳ ሳይዘጋ እያነከሰ ሮጠ።

«አቢሊዮ፣ ውጣ። ደረስኩ።»

አቢሊዮ አንገቱን ሳያዞር «ደወሉ አልቋል» አለ።

«የአባታችን ነው!»

«አባታችንን የተሸከምኩትም እኔ ነኝ። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ። ያኔ ‹ውጣ፣ ደረስኩ› ያለኝ ሰው የለም።»

አዴሊኖ ወደ ቄሱ ዞረ። «አባ፣ መንገድ ተዘግቶብኝ ነው።»

«በየት መጣህ ልጄ?»

«በአሮጌው።»

«አዲሱ እያለ?»

ከተሸካሚዎቹ አንዱ «ፈረንሳይ ገንዘብ ሲያፍስ ኖሮ መክፈል ከበደው!» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። ሰሌዳው ላይ ያነበበውን ዴኦሊንዳ ያጫወተችኝ በኋላ ነው። እሱ ግን እዚያ አልተናገረም። ማንን ለማን ይክሰስ? «የውጭ አገር ሰው አሉኝ» ብሎ አቤት የሚለው ለእኛው ነው።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ወደ መቃብር ቦታው የሚወስደው ዳገት ላይ ግን እመቤታችን ወደ ቀኝ ማጋደል ጀመረች፤ አቢሊዮ ከወንድሙ አጭር ነው። አክሊሏ ተንቀጠቀጠ፣ ሴቶቹ ጮኹ። «ከስሩ የሚገባ ጨርቅ ስጡኝ!» አለ አቢሊዮ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ።

ማንም ጨርቅ አልያዘም። ዴኦሊንዳ ቦርሳዋን ከፈተች። በየዓመቱ ለባሏ ትከሻ ጥጥ ሞልታ የምትሰፋው ትራስ በውስጡ ነበር፣ ያን ክረምት አዲስ የሰፋችው። ወደ ኋላ፣ ወደ ባሏ አልዞረችም። ሄደችና የአቢሊዮ ትከሻ ላይ አስተካክላ አደረገችለት፤ እመቤታችን ቀና አለች።

አዴሊኖ ምንጩ ጋ ቆሞ ቀረ። በሚቀጥለው ነሐሴ ዴኦሊንዳ ብቻዋን በአውሮፕላን መጣች። «ባልሽስ?» ስንላት «ቤቱን ቀለም እየቀባ ነው» አለች። የትኛውን ቤት ብሎ የጠየቃት የለም።