ምንጭ፦ አባቴ

ፕሮጀክተር ሽታ አለው ብል ተማሪዎቼ ይስቁብኛል። እኔ ግን አለው እላለሁ። ማራገቢያው መዞር ሲጀምር የሚተፋው የጋለ አቧራ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ፣ እዚሁ ሀዋሳ የማስተምርበትን ዩኒቨርሲቲ ትቼ ዘጠነኛ ክፍል እመለሳለሁ። የልጅነት ትዝታ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ይመስል ሰው ሲያወራ እሰማለሁ፤ የኔው ይህ ሽታ ግን ሆዴን ያባባዋል። ቢሆንም በየቀኑ ቁልፉን እጫናለሁ፣ እንጀራዬ ነውና።

የኔ ዘመን ልጆች ፕላዝማውን አትረሱትም። በብረት ሳጥን ተቆልፎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ነበር። ውስጡ ያለው መምህር በጥድፊያ እንግሊዝኛ ጥያቄ ይጠይቀናል፣ እኛ እስክሪብቶ ሳናነሳ መልሱን ራሱ ይመልሳል፣ ከዚያ «ጎበዞች!» ብሎን ያልፋል። ምኑ ላይ እንደጎበዝን አናውቅም። መብራት ሲሄድ በደስታ ዴስክ እንደበድብ ነበር፤ ያኔ ሱዚ ለመዝለል ወደ ሜዳ እንሮጣለን፣ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው የከሰዓት ንፋስም ቀሚሳችንን ይገልበዋል።

ቲቸር ወይንሸት የመጣችው በዚያ መሀል ነው። ገና ከኮሌጅ የወጣች፣ ቀጭን፣ ቶሎ የምትናደድ ልጅ እግር ነበረች። ከኮምፒውተር ክፍሉ ማንም የማይነካውን ፕሮጀክተር አውጥታ አቧራውን በሻርፕዋ ጠረገችው። «ከዛሬ ጀምሮ የምታስረዱት እናንተ ናችሁ» አለችን። ዘዴዋን ፈጣን ጥናት ትለው ነበር። አንድ ጥያቄ በዕጣ ይደርሰናል፤ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነው መዝገበ ዕውቀት ጥቂት እንፈልጋለን፣ ውጭ ወጥተን የሚያውቅ ሰው እንጠይቃለን፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ደግሞ በምስል አስደግፈን ለክፍሉ እናቀርባለን። ስህተት ብንናገር ብዙም አትቆጣም። የሚያስቆጣት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ከየት አመጣችሁት?» ትላለች። እያንዳንዱ ሐሳብ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ሥር የነገረን ሰው ስም መጻፍ አለበት። ያልጻፈ ቆሞ ይውላል።

የዴስክ ጓደኛዬ ሩት ትባል ነበር። አባቷ አቶ ሀመሶ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሳ ያጠምዳሉ። ጠዋት ጠዋት ዓሳ ስታጸዳ ቆይታ ስለምትመጣ «ዓሳ ዓሳ ትሸታለች» እያሉ ክፍሉ ውስጥ አፍንጫ የሚይዙ ነበሩ። ሱዚ ላይም ገመዱን እንድትይዝ እንጂ እንድትዘል አይፈቅዱላትም። ትንሽ ሳለች ቢላ የግራ አውራ ጣቷን ጥፍር ለሁለት ሰንጥቆት ነበርና ጥፍሩ እንደተሰነጠቀ ነው ያደገው። ሰው ሲያያት አውራ ጣቷን በመዳፏ ውስጥ ትደብቃለች። ከቤታቸው እዚያ ክፍል የደረሰች የመጀመሪያዋ ልጅ እሷ ነበረች። ለደብተሯም ለዩኒፎርሟም የሚከፍለው የአባቷ መረብ ነው፤ ይህንን እሷም እኔም በደንብ እናውቅ ነበር።

«ሐይቃችን ውስጥ ዓሳ ለምን አነሰ?» የሚለው ዕጣ ለኛ ሲደርስ ሩት ፊቷ በራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ ሊያውቀው የሚፈልገው ነገር እሷ ቤት ያለ ሆነ።

ካሜራ ያለውን የእናቴን ስልክ ለምኜ ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ወረድን። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች የተጣለ የዓሳ አንጀት እየጠበቁ እንደ ጡረተኛ ተገትረዋል። አቶ ሀመሶ ጀልባቸው አጠገብ ቁጭ ብለው መረብ ይጠግኑ ነበር። ስንጠይቃቸው አልሸሸጉንም። መረቡን አንስተው ወደ ፀሐይ ዘረጉልን፤ ቀዳዳው የኔ ጣት እንኳ የማያስገባ ጠባብ ነው። «ትልቁ ዓሳ አልቋል» አሉ በቀስታ፣ አማርኛውን እየመረጡ። «በሰፊው መረብ ሲጣል ባዶ ነው። በዚህ ትንሹ ይያዛል። ትንሹ ከተያዘ ትልቅ ከየት ይመጣል? እናውቃለን እኮ። ግን ልጅ ዛሬ ነው የሚበላው።» እንዲህ ዓይነቱ መረብ ክልክል መሆኑን ያውቃሉ፤ ዳርቻው ላይ ያለው ሁሉ ግን በዚያው ነበር የሚያጠምደው። ሩት ፎቶ ልታነሳ ስትል በሲዳምኛ አንድ ነገር ጠየቋት፤ እሷም መለሰች። ከዚያ ወደኔ ዞረው ፈገግ አሉ። «ለትምህርት ከሆነ አንሱ» አሉን።

ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ሩት በአንድ ጣቷ ፊደል እየፈለገች ጻፈች። መረቡን የዘረጉበት ፎቶ ገጹን ሞላው። ከሥሩ ምን እንደሚጻፍ ቲቸር ደጋግማ አስተምራናለችና ሩት ማንንም አልጠየቀችም። «ምንጭ፦ አባቴ አቶ ሀመሶ፣ አሞራ ገደል» ብላ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ብዙ አየችው።

ክፍል ውስጥ ያቀረብን ቀን አፍንጫውን የያዘ አልነበረም። ሩት ፕሮጀክተሩ ፊት ቆማ መረቡን በጣቷ ስታሳይ የእጇ ጥላ ሸራው ላይ ትልቅ ሆኖ ይሄድ ነበር፤ አውራ ጣቷን መደበቅም ረሳችው። ቲቸር ወይንሸት እንባ ባቀረረ ዓይን አጨበጨበች። «ጥናት ማለት ይህ ነው!» አለች። በዚያው ቀን እረፍት ሰዓት ሩትን ሱዚ አዘለሏት። ለወላጆች ቀን ዝግጅትም የኛ ሥራ ተመረጠ።

የወላጆች ቀን እንደምታውቁት ነው፤ ፊት ለፊት ለስላሳ የተደረደረለት የክብር እንግዳ፣ ከኋላ ወላጅ። አቶ ሀመሶ የሠርግ ኮታቸውን ለብሰው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ማንበብ ብዙም አይሆንላቸውም፤ ስማቸውን ግን ይለያሉ። ሸራው ላይ ፊታቸውና ስማቸው ሲወጣ ብድግ አሉ፤ የተጠሩ መስሏቸው ይሆን ወይ ደስታ ነው፣ እንጃ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያቸው፣ አጨበጨበላቸውም። ከፊት ከተቀመጡት እንግዶች አንዱ ግን እጃቸውን አወጡ። «እስቲ የቅድሙን ምስል መልሺው» አሉ። ሩት መለሰችው። እንግዳው ስልካቸውን አውጥተው ሸራውን ፎቶ አነሱ፣ ከዚያ መጥተው የሩትን እጅ ጨበጡ፣ ጎበዝ አሏት። ቁጣ አልነበረባቸውም። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ብዙ አልቆየም፣ የመንግሥት ሰዎች መኪና ይዘው አሞራ ገደል ወረዱ። መጀመሪያ የጠየቁት አቶ ሀመሶ የሚባለውን ነው፤ ስሙን ያውቁታል፣ መረቡን ያውቁታል፣ ፎቶው በእጃቸው ነው። ከሳቸው ቀጥሎ ያገኙትን መረብ ሁሉ ለቀሙና እዚያው ዳርቻው ላይ ክምር አድርገው አቃጠሉት። ሕግ ነው፤ ሐይቁን ለማዳን ነው። ሁለቱም እውነት መሆኑን አሁን አስተምራለሁ። የናይሎኑ ጭስ ግን እስከ ሰፈራችን ድረስ ነበር የሸተተው፤ ልክ ፕሮጀክተሩ ሲግል እንደሚሸተው።

የመረቡስ ቀለል ይል ነበር። ከዚያ በኋላ አጥማጆቹ አቶ ሀመሶን አላስጠጋ አሉ። «በገዛ ልጁ አስጠቆመን» አሉ። ጀልባ ወደ ውሃ ሲገፋ ሁሉም ለሁሉም ትከሻውን ይሰጣል፣ የዚያ ቦታ ደንብ ነው፤ ለሳቸው ግን የሚገፋ ጠፋ። ቸርች እንኳ አጠገባቸው ያለው አግዳሚ ባዶ ይሆን ጀመር። ጀልባውን ሸጠው መናኸሪያ ሸክም ገቡ። ያንን መረብ ወደ ፀሐይ የዘረጋ ክንድ የተሳፋሪ ሻንጣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲወረውር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰላም አልኳቸው፣ እሳቸውም እንደ ወትሮው በፈገግታ መለሱልኝ።

ቲቸር ወይንሸት ያልለመነችው ሰው የለም። ቢሮ ለቢሮ ዞረች፤ የክፍል ሥራ ነው፣ የልጅ ጽሑፍ ነው አለች። የሰማት የለም። በመጨረሻ እኔን መንገድ እንዳሳያት ይዛኝ እነሩት ቤት ሄደች። ተቀመጪ ብትባል አልቀመጥ አለች፤ በሩ ላይ እንደቆመች ይቅርታ ጠየቀች። «እርስዎ አስተማሩ፣ ልጄም የተማረችውን ሠራች» አሉ አቶ ሀመሶ። «እኔም እውነት ተናገርኩ። ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው?» ወቀሳ አልነበረም፤ የምር ሊያውቁት ፈልገው ነው የጠየቁት። ከዚያ ቀን በኋላ ቲቸር ፕሮጀክተሩን ወደ ኮምፒውተር ክፍል መለሰችው፤ ከጥቁር ሰሌዳ እየገለበጥን ዓመቱን ጨረስን። «ከየት አመጣችሁት?» የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አልሰማሁም። በዓመቱ ማለቂያ ዝውውር ጠይቃ ሄደች።

ሩት ከሷ በፊት ነው የቀረችው። ሰኞ ዕለት አልመጣችም፣ ማክሰኞም አልመጣችም። ይርጋለም አክስቷ ጋ ሄዳ ሆቴል ዕቃ ታጥባለች የሚል ወሬ ሰማሁ። ሱዚውን ዘልላ የማታውቅ ይመስል ማንም ስሟን አላነሳም። እኔ ግን ዴስኩ ላይ ዓመቱን ሙሉ ለሁለት ሰው የሚሆነውን ቦታ ብቻዬን ተቀምጬበት ናፈቅኳት።

ዛሬ ነገሩ ሁሉ ቀሏል። ተማሪዎቼ ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ስልክ አላቸው፣ እኛ ቅዳሜያችንን የጨረስንበትን ጥያቄ ባጃጅ ላይ ሆነው ይመልሱታል። ምስሎቻቸው ይሽከረከራሉ፣ ፊደሎቻቸው እየበረሩ ይገባሉ። እኔም ያንኑ ፈጣን ጥናት አስተምራቸዋለሁ፣ የማውቀው ያንን ነውና። ምንጭ የሚጽፉት ሞት የተፈረደባቸው ይመስል እያማረሩ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቡድን ስለ ዓሳ ገበያ ሴቶች አቀረበ። ሸራው ላይ ዓሳ የምታጸዳ ሴት እጅ ወጣ፤ ፊት የለውም፣ እጅ ብቻ ነው። ቅርፊት የተለጣጠፈበት፣ በውሃ የነጣ እጅ። የግራው አውራ ጣት ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀ ነበር። የጋለው አቧራ ሸተተኝ። ከፎቶው ሥር ስም የለም፣ ቦታም የለም።

«ከየት አመጣችሁት?» አልኩ።

አቅራቢው ልጅ ማርክ የሚቀነስበት መስሎት ደነገጠ። «ጠይቀናት ነበር ቲቸር» አለ። «ለትምህርት ነው አልናት። ‹ለትምህርት ከሆነ እጄን አንሱ፣ ስሜን ግን እንዳትጽፉ› አለችን።»

«ልክ ናችሁ፣ ተቀመጡ» አልኳቸው። ክፍሉ ከወጣ በኋላ ፕሮጀክተሩን ሳላጠፋ ብቻዬን ቆየሁ፤ ሸራው አጠገብ ሄጄ እጄን እጇ ላይ ባደርግ የታየው የኔ ጥላ ብቻ ነበር።