የኤደኑ ነጋዴ ዋስ ፍለጋ

አዳማ ውስጥ ጎረቤታችን የነበረው ጨርቅ ነጋዴ፣ እንግሊዞች ከሚገዟት ከኤደን የመጣ አረብ ነበር። እኔ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነኝ፤ ባሌ ባቡር ጣቢያ ይሠራል። ነጋዴው «እህቴ» ይለኝ ነበር።

አንድ በጋ ላይ እናቱ መታመማቸውን ሰማ። በባቡር ጅቡቲ ወርዶ መርከብ ሊሳፈር ዕቃውን ሲሸክፍ፣ በቅሎው ገበያ ውስጥ የአንድ የመልካሳ ገበሬ ላም ረግጣ እግሯን ሰበረቻት። ላሚቱ ታረደች፤ ገበሬው ከሰሰ።

ዳኛው «መሬት ያለው ዋስ ካልጠራህ ከአዳማ አትወጣም» አሉት። እስኪያገኝም በጊዜው ወግ ከከሳሹ ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ቁራኛ ሆኑ።

እኔና ባሌ መሬት የለንም። ሁለቱን አስከትዬ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ እንደተቋጠሩ በር ላይ ሲያዩአቸው ሳቃቸው መጣ።

«ልጄ፣ ሰውየው ደግ ነው። ግን ባሕር ከተሻገረ በምን እጎትተዋለሁ?» አሉኝ።

መሬት ያላቸው ሌሎች ዘመዶቼም እንዲሁ እያሉ መለሱን።

በረንዳችን ላይ ምሳ አቀረብኩላቸው። አረቡ በተሰባበረ ኦሮምኛው ስለ እናቱ አወራ፤ ዓይናቸው ስለጠፋ ፊቱን በእጃቸው ዳብሰው ነው የሚለዩት። ገበሬው ጉርሻውን እንደያዘ ቆየ።

«ባቡርህ መቼ ነው?»

«ነገ። ካመለጠኝ መርከቡን አላገኘውም።»

ገበሬው ብድግ ሲል ቋጠሮው አረቡንም አብሮ አነሳው። ተከተልኳቸው።

«ጌታዬ፣ ዋሱ እኔ ነኝ» አለ ዳኛው ፊት።

«አንተ ከሳሹ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ። ክሴንም አልተውኩም። እናቱን አይቶ ይምጣና እንከራከራለን።»

«ባይመጣስ?»

«ይመጣል።»

ዳኛው ሳቁና ፈቀዱ። ነጠላውን እኔ ፈታሁላቸው። አረቡ ገበሬው ትከሻ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። የመልካሳ ሰዎች በገበሬው ያሾፉበት ነበር። እሱም ገበያ በመጣ ቁጥር በራችን ላይ ቆሞ «መጣ ወይ?» ይለኛል። «አልመጣም» ማለት ያሳፍረኝ ጀመር።

አንድ ቀን ባሌ ነጋዴውን ከጣቢያ ይዞት መጣ። ከስቷል። እናቱ እጁን እንደያዙ ነበር ያረፉት። ሱቁን እንኳ ሳይከፍት መልካሳ ወረደ።

ክርክሩ ቀርቶ ሽማግሌዎች «ጊደር ይስጥ» ብለው ፈረዱ። ነጋዴው የመረጣት ጊደር ግን ከታረደችው ላም በልጣ ተገኘች። ገበሬው «ይህችማ በዛች፣ አልቀበልም!» አለ፤ ነጋዴው «ትቀበላታለህ!» አለ። በራችን ላይ ሲጨቃጨቁ እኔ በሳቅ ፈረስኩ።