በኮከቡ ላይ የተላከከ እርምጃ

ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ሳልደርስ ነው። ቢሆንም የልጅ ልጄ አምቦ ውስጥ አንድ የሥነ ፈለክ ክበብ ገብታ፣ በሌላ ኮከብ ዙሪያ ያለች ፕላኔት እንዴት እንደምትገኝ ስትነግረኝ ወዲያው ገባኝ። ፕላኔቷ አትታይም። ስትዞር ግን ኮከቡን ትጎትተዋለች፤ እሱም አንዴ ወደ እኛ ይጠጋል፣ አንዴ ይርቃል። ያን ፍጥነት ከብርሃኑ ይለኩታል። ረጅም ሣር ውስጥ ጥጃ ያሰረ የእኛ የጌዶ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ጥጃው ባይታይም ችካሉ ይነቃነቃል።

የክበቡ መምህር ግን ከዚያ የጌዶ ሰው አያህልም። ውጭ አገር የተለካውን የኮከብ ፍጥነት ከኢንተርኔት አወረደ። ክበቡን ለሚጎበኙ እንግዶች እንዲያምር ብሎ በሰንጠረዡ ላይ ያሉትን ቀኖች ወደ እኛ አቆጣጠር ለወጣቸው። ምድር ራሷ የምትሄደውን ፍጥነት ከልኬቱ ላይ ሲቀንስ፣ ሁለቱም 1/1 ተብለው ስለሚጻፉ ኮምፒዩተሩ የእኛን መስከረም አንድ የፈረንጆች ጥር አንድ አድርጎ አነበበለት። ልክ በአንድ ዓመት የምትዞር ፕላኔት ወጣች። ዳቦ ተቆረሰላት!

የነቃችው የልጅ ልጄ ናት።

«አኮ፣» አለችኝ፣ እኔን አያቷን እንደ ወትሮዋ በኦሮምኛ ጠርታ፣ «የፕላኔቷ ዓመት ከእኛ ዓመት ጋር አንድ ነው። የምድርን እርምጃ ነው በኮከቡ ላይ ያላከክነው።»

ለመምህሩ ነገረችው፤ አመነ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «በተማሪ ስህተት ውጤቱ ተሰርዟል» ብሎ ከነስሟ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው።

በማግስቱ ከጌዶ ተሳፍሬ አምቦ ሄድኩ። ተማሪዎቹ ፊት ሰንጠረዡን ማን እንደሠራው ጠየቅሁት።

«እማማ፣ ይህ ሳይንስ ነው፤ አይገባዎትም» አለ፣ ከረባቱን እያስተካከለ።

«ቀን መቁጠር ይገባኛል። እኔ በገና ቀን ፋሲካ ነው ብዬ ዶሮ ሠርቼ አላውቅም።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«ስህተት እኮ ያጋጥማል…»

«ያጋጥማል። አንተን ያጋጠመህን ልጅቷ ለምን ትሸከመው?»

አንዲት ተማሪ ከኋላ «ሰንጠረዡን የሰጠን እሱ ነው» አለች። መምህሩ ዞር ብሎ ማን እንደሆነች ፈለገ። ጀግንነቱ ይህችው ናት፤ ከሰማይ ፕላኔት ያጣ ሰው ክፍል ውስጥ ልጅ ያሳድዳል።

«ወረቀቱ ሳይስተካከል አልነሳም» ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ እስክሪብቶ አውጥቶ የልጅቷን ስም ሰረዘና ከጎኑ የራሱን ጻፈ፤ ጉንዳን በምታህል ፊደል።

«አጉላው» አልኩት። «የእሷን አጉልተህ ነበር የጻፍከው።»